ባሕር ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም

ልጄን በዕድሜው ሙሉ የገረፍሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የገረፍሁትም ስለ ሰረቀ ሳይሆን ስለ ዋሸ ነበር።

ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት ዳር ቦይ እየቆፈሩ ገመድ የሚቀብሩ ሠራተኞች መጡ። ገመዱ ከመሀል አገር ተነስቶ፣ ጎንደርን አልፎ፣ በእኛ በር በኩል ሱዳን ይገባል፤ ከዚያ ከባሕር በታች ከተዘረጋው የዓለም መስመር ጋር ይገናኛል አሉን። በሦስተኛው ቀን መቆፈሪያ ማሽናቸው ተሰበረ። እኔ የትራክተር መካኒክ ነኝ፤ በአብደራፊና በአብርሃ ጅራ የሰሊጥ እርሻዎች ያልፈታሁት ሞተር የለምና ጠሩኝ። የተበጠሰውን የዘይት ቱቦ ቀይሬ ማሽኑን አስነሣሁላቸው። ሥራዬን ስጨርስ አንዱ ባለሙያ የገመዱን ጫፍ ልጦ አሳየኝ። ውጭው ወፍራም ላስቲክ ነው፤ ውስጡ ግን ከፀጉር የቀጠነ ብርጭቆ።

"የሰው ድምፅም ምስልም በዚህ ውስጥ ብርሃን ሆኖ ያልፋል" አለኝ።

አላመንሁትም። ማታ ግን ለልጄ ነገርሁት። ራሴ ያላመንሁትን ነገር ለልጅ መንገር እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ዓይኑ ሲበራ ማየት ስለፈለግሁ ነገርሁት።

በማግስቱ ክንድ የሚያህል የዚያ ገመድ ቁራጭ ከፍራሹ ሥር አገኘሁ።

"ማን ሰጠህ?"

"ሠራተኞቹ።"

"ማን ሰጠህ?"

"ሠራተኞቹ ሰጡኝ፣ አባባ።"

ሦስተኛ ጠየቅሁት። እኔ ማንንም ሰው ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ደንግጦ ይሆናል፣ ሁለተኛ የዋሸ ፈርቶ ይሆናል፤ ሦስተኛ የዋሸ ግን ወስኖ ነው ብዬ አምን ነበር። ልጄ በሦስተኛውም "ሰጡኝ" አለ። ገረፍሁት። እናቱ መሀላችን ገብታ "ለቁራጭ ሽቦ ልጄን ልትገድልብኝ ነው?" ብላ ጮኸችብኝ።

"ለሽቦው አይደለም፤ ለምላሱ ነው" አልኋት።

ከዚያም እጁን ይዤ ወደ መንገዱ ወሰድሁት፤ በሠራተኞቹ ፊት "ሰርቄ ነበር" አስባልሁት። ሰዎቹ ሳቁ። ቁራጩ ሊጣል የነበረ ነውና "ምን ችግር አለው፣ ይውሰደው" አሉ። እኔ ግን አልፈቀድሁም። እያለቀሰ መልሶ ሰጣቸው።

ኋላ የሆነው ባይሆን ኖሮ ይህንን ታሪክ በኩራት እጽፈው ነበር። ለዓመታት በኩራት ሳወራውም ኖሬያለሁ።

እኔ ትምህርት ቤት የሚባል አልገባሁም። ከጎጃም ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የወረድሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። በእኛ ቆላ ሳሉግ ይባላሉ፤ ወቅት ጠብቀው የሚመጡ የቀን ሠራተኞች። ፊደል የለየሁት በእርሻ ካምፕ ውስጥ፣ በማዳበሪያ ጆንያና በፀረ አረም ጣሳ ላይ የተጻፈውን አንድ ጓደኛዬ እየነገረኝ ነው። ሞተር የተማርሁት ደግሞ ሌሎች ሲፈቱ እያየሁ፣ እነሱ ለምሳ ሲሄዱ እየነካካሁ። እንዲህ ለብቻው የተማረ ሰው የተማረውን ሁሉ ሕግ ያደርገዋል፤ እኔም አደረግሁት። በቤቴ ሰው በሰዓቱ ይነሣል፣ የተዋሰውን ይመልሳል፣ ያላየውን አየሁ አይልም። ባለቤቴ "አንተ እኮ እግዜር ዐሥሩን ትእዛዝ ሲሰጥ አጠገቡ ቆመህ ዐሥራ አንደኛውን ስታስጽፍ ነበር" እያለች ትስቅብኝ ነበር። እሷ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር እንጂ ድምፅ አልነበራትም።

ልጁ ከእኔ የሞተር ሙያ ወረሰ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መካኒካል ተማረና፣ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ባሕር ዳር ላይ የመርከብ ሞተር ሥልጠና ገባ። ባሕር የሌላት አገር ልጅ መርከበኛ ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እናቱ ብቻ አልሳቀችም። "ባሕር እኮ ጣና አይደለም፤ ማዶው አይታይም" አለችው። ሁለት ዓመት በዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ደወለ፤ ባለቤቴ ስልኩን በስፒከር አደረገችው።

"አባባ፣ ያኔ በእሱ ሰበብ የገረፉኝ ገመድ ትዝ ይልዎታል?"

"እንዴት አይለኝም።"

"አሁን ሙሉ መርከብ ጭኜ እየሄድሁ ነው።"

ባለቤቴ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። "በል እንግዲህ ግረፈዋ!" አለችኝ።

መርከቡ ፓስፊክ በሚባለው ውቅያኖስ መሀል ለተበተኑ ትንንሽ ደሴቶች የኢንተርኔት ገመድ በባሕር ወለል ላይ የሚዘረጋ ነው። እሱ ሞተር ክፍል ነበር የሚሠራው። ልጄ የነበረባትን ደሴት ስም በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ አጠራሩን እርግጠኛ ስላልሆንሁ እዚህ አልደግመውም። ታናሽ እህቱ ገንዳ ውሃ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤቷ የዓለም ካርታ ተውሳ አመጣችልን። ደሴቷ ካርታው ላይ የለችም። ሰማያዊ ብቻ ነው። ባለቤቴ ጣቷን ሰማያዊው መሀል አድርጋ "እዚህ ነው ያለው?" ስትል ልጅቱ "ወደዚያ ገደማ ነው፣ እማዬ" አለቻት። ቆይቼ ሳይ የተዋስነው ካርታ ላይ ትንሽ የጣት እድፍ ቀርቷል።

ልጄ በደወለ ቁጥር ስለዚያች ደሴት ያወራልን ነበር። ከዳር እስከ ዳር በግማሽ ቀን በእግር ታልቃለች። ወጣቶቿ ፍሬ ለመልቀም ባሕር ተሻግረው ይሄዳሉ፤ ወቅት ጠብቀው፣ ልክ እንደ እኛ ሳሉጎች። ይህን ስሰማ ለእነዚያ ሰዎች አዘንሁ፤ ሕይወታቸውን አውቀዋለሁና። ኢንተርኔት የነበራቸው በሳተላይት ነው፤ ዝናብ ሲከብድ ይጠፋል፤ አንድ ፎቶ ለመክፈት ግማሽ ቀን ይፈጃል። መርከቡ ውሃና ስንቅ ለመሙላት ወደ ወደቡ ሲጠጋ የተጠበሰ ዓሣ የምትሸጥላቸው አንዲት ሴትዮ አለች። ልጇ ለፍሬ ለቀማ እንደሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ድምፁን እየተቆራረጠ ትሰማለች፣ ፊቱን ግን አላየችም። መርከበኞቹን ባየች ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ገመዱ የት ደረሰ?

ባለቤቴ ይህቺን ሴትዮ ዘመድ አደረገቻት። ልጁ ሲደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው ስለ እሷ ነበር።

"ያቺ ዓሣ ሻጭ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት፣ እማዬ። አንቺን ጠይቃሻለች።"

"ልጇን አየችው?"

"ገና ነው። ገመዱ ገና ነው።"

"ቶሎ በሉላት እንጂ! ምን ሆናችኋል?"

የእኛ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። ድሮ የሀገር ውስጡ ኔትወርክ ሲደክም መተማ ዮሐንስ ወርደን አንድ ሙስሊም ነጋዴ ወዳጄ ሱቅ በረንዳ ላይ እንቀመጥ ነበር፤ የሱዳን ኔትወርክ እስከዚያ ይደርሳል። ነጋዴው በልጅነቱ የድንበሩን ሁለት ወገን ሲመላለስ ያደገ ሰው ነው፤ እኔን የሚጠራኝ "ኡስታ" እያለ ነው፤ በማዶ፣ በሱዳኖቹ ቋንቋ ባለሙያ ማለት ነው። ማዶ ጦርነት ሲነሣ የማዶው መስመር ዝም አለ። በእኛም በኩል አገሩ ሲታወክ ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ ተራ ስልክ እንኳ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሠራ ነው። ገመዱ ከደጃችን ሃያ እርምጃ ርቆ ተቀብሯል። በላዩ ላይ እየተራመድን ወደ ገበያ እንሄዳለን። ልጄ በዓለም ጫፍ ላሉ ሰዎች መስመር ሲዘረጋ፣ እኛ ከእሱ ጋር ለመነጋገር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመን ስልኩን ወደ ሰማይ እናነሣ ነበር።

ባለቤቴ የልብ ድካም ነበረባት። በነሐሴ አጋማሽ ባሰባት። ወደ ጎንደር እንድትሄድ ተጻፈላት፤ መንገዱ በዚያ ሳምንት ተዘግቶ ነበር። ማንንም አልከስም። ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር ልጇን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገረችው።

"ገመዱ ሊደርስ ነው፣ እማዬ" አላት።

"ገመዱስ ደረሰ፤ አንተ መቼ ትደርሳለህ?"

"ጥር ላይ።"

"እንግዲያው እስከ ጥር እጠብቃለኋ" አለችው፤ እንደ ቀልድ ነበር ያለችው።

አንድ ማለዳ፣ ዝናብ እያካፋ፣ እኔና ልጄ አስተማሪዋ አጠገቧ ተቀምጠን ሳለ ሞተች።

በሣልስቱ ለቅሶ ላይ ልጅቱ "ለወንድሜ ማን ይንገረው?" አለች። ደጋ ያለው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም መንገድ ሲከፈት ደርሶልን ነበርና ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

"ባሕር ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም" አላት። "ማን ይይዘዋል? ማን አብሮት ያለቅሳል? ራሱን ከመርከቡ ቢወረውርስ? ጥር ላይ ሲመጣ ጎንደር ባለችው እህቴ ቤት እናሳድረዋለን። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ይገባል፤ ዘመድ ይከበዋል፤ ያኔ ይረዳል።"

ልጅቱ እኔን አየችኝ። "አባባ፣ አንቱ እኮ ውሸት አይወዱም።"

"ይህ ውሸት አይደለም" አልሁ። "ማቆየት ነው።"

ከመተማ ለለቅሶ የመጣው ነጋዴው ወዳጄ ሲሰማ ቆየና ልሸኘው ስወጣ በጆሮዬ "ኡስታ፣ በእኛ ሞት አይደበቅም" አለኝ። "ወላሂ፣ ብትነግረው ይሻልሃል። ልጁ ትልቅ ሰው ነው።"

"የእናንተ የእናንተ ነው፤ የእኛ የእኛ ነው" አልሁት። በማያውቀው ነገር የገባ መስሎኝ ነበር።

ልጄ ሲደውል እናቱ ጸበል ገብታለች አልሁት። ደጋ ላይ፣ ከመኪና መንገድ የራቀ፣ ስልክ የማይፈቀድበት ቦታ ነው አልሁት። ይህ ሁሉ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ ስለዚህ አመነኝ። በሚቀጥለው ጊዜ "እንዴት ናት?" ሲል "ተሽሏታል" አልሁት። ያቺን ቃል የት እንዳገኘኋት አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ከአፌ አልጠፋችም። ተሽሏታል። ምግብ ጀምራለች። መነኮሳይቱ ይንከባከቧታል። ያልሁትን እንዳልረሳና እንዳልጋጭ በደብተሬ መጨረሻ ገጽ ላይ መጻፍ ጀመርሁ። መቼ ምን እንዳልሁ፣ ስንት ሱባኤ እንደቀራት። የሞተር መለዋወጫ ቁጥር በምጽፍበት ደብተር ላይ የባለቤቴን ጤና እየፈጠርሁ ጻፍሁ።

በመስከረም አርባዋን አወጣን። ዘመድ መጣ። ለሁሉም "ለልጁ እንዳይሰማ" ብዬ አስጠነቀቅሁ። ለሁሉም ያልሁት መስሎኝ ነበር።

በጥቅምት ገመዱ ከባሕር ወጣ። መርከቡ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ ልጄ ደሴቷ ላይ ቀረ፤ መስመሩ በሚያርፍበት ጣቢያ ጄኔሬተሮቹን እንዲተክል ተመድቦ ነበር። እንግዲህ ባሕር ላይ መሆኑ ቀረ፤ የብስ ላይ ነው፤ ሰው መሀል ነው። ሰበቤ አለቀ። አሁንም አልነገርሁትም። እዚህ ላይ እውነቱን መጻፍ አለብኝ። ያኔ የፈራሁት ለእሱ አልነበረም። "እስካሁን ለምን ዋሹኝ?" የሚለውን ነበር የፈራሁት።

በኅዳር አንድ ቀን ኢንተርኔቱ ብልጭ አለ። ልጅቱ ትምህርት ቤት ሆና ስልኳ ላይ የድምፅ መልእክት ደረሳት፤ ይዛልኝ መጣች። ለእናቱ ነበር። ጋራዡ በር ላይ ቆመን ሰማነው።

"እማዬ፣ ድምፅሽን ካልሰማሁ ሦስት ወር ሆነኝ። አባባ ሲሄዱ ያሰሙሽ ብዬ ነው። ገመዱን ወደ ባሕሩ ዳር ያወጣን ቀን ብታይ! በአየር በተሞላ ተንሳፋፊ አድርገን ከመርከቡ ስንለቀው ውሃው ላይ እንደ ትልቅ እባብ ተጋደመ። የአገሩ ሰው እየዘፈነ ወደ የብስ ጎተተው። ያቺ ሴትዮም ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ወገቧ ውሃ ገብታ ስትጎትት ነበር። አንቺ ብትኖሪ ሰው ገፍተሽ ከፊት ነበር የምትሆኚው። እማዬ፣ ጸበል ላይ ነሽና መርቂኝ። በድምፅ ባይቻል ለአባባ ንገሪያቸው፤ እሳቸው ያደርሱልኛል።"

ልጅቱ አለቀሰች። "አባባ፣ በቃ ይንገሩት" አለችኝ።

"ጥር ላይ" አልኋት።

በሳምንቱ ደወለ። "ሰማችው?" አለኝ።

"ሰምታዋለች።"

"ምን አለች?"

እኔ ልጆቼን መርቄ አላውቅም። ምርቃት የእናታቸው ሥራ ነበር፤ የእኔ ሥራ መምከርና መቆጣት ነበር። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ዓይኔን ጨፈንሁ። "ባሕሩ መንገድ ይሁንልህ ብላለች። ሰው እንዳገናኘህ አንተም ከወገንህ ተገናኝ። እጅህ የነካው ሞተር አይካድህ። ክፉ አይይህ። ሄደህ የምትመለስ፣ ስትመለስ የምትገኝ ያድርግህ ብላለች።"

"አሜን" አለ። "አሜን፣ አባባ። ጸበሉ ጥሩ ነገር አድርጎላታል። እንዲህ አስረዝማ መርቃኝ አታውቅም።"

ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ለነጋዴው ወዳጄ ብቻ፣ የእህል ወፍጮውን ሞተር ልጠግንለት መተማ ወርጄ ሳለ፣ ገና ልጁ እንዳልሰማ ነገርሁት። ሥራዬን አስቁሞ አየኝ።

"ኡስታ፣ አንተ የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሰምተህ ብልሽቱን የምታውቅ ሰው ነህ። ልጅህ ያንተን ድምፅ ሰምቶ ብልሽቱን የማያውቅ መሰለህ?"

ብሎኑን አጠበቅሁ።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ትራክተር ሥር ተኝቼ ስልኬ ጮኸ። በአንድ እጄ ቁልፍ እንደያዝሁ አነሣሁት። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው አልተቆራረጠም፤ አጠገቤ የተኛ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል።

"አባባ፣ መስመሩ ተከፈተ።"

"እንኳን ደስ ያለህ!"

"ያቺ ሴትዮ ልጇን አየችው። ስልኩን ይዛ ስክሪኑን ስትስመው ነበር።"

"ተመስገን።"

"እማዬ እንዴት ናት?"

"ተሽሏታል።"

"እማዬ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት አልሁህ እኮ። ሱባኤዋን ልትጨርስ ነው።"

"አባባ፣" አለኝ፤ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ "አንቱ ሰውን ሦስት ጊዜ ነው የሚጠይቁት። ይህ ሦስተኛዬ ነው። እማዬ እንዴት ናት?"

የትራክተሩ ዘይት ግንባሬ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። አልጠረግሁትም። ከአፌ የወጣው፣ መርዶ ሊነግር የመጣ ሰው አስቀድሞ የሚያየውና የሚጠይቀው ነገር ነው።

"አጠገብህ ማን አለ፣ ልጄ?"

"ያቺ ሴትዮ አለች። ከትናንት ጀምሮ አልተለየችኝም። ቋንቋዬን አታውቅም፤ የሆነውን ግን አሳየኋት።"

ከትናንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። አዲስ አበባ ያለች የአክስቱ ልጅ ለአርባው መጥታ ነበር፤ ስትመለስ "ነፍስሽን ይማረው" ብላ የለቅሶውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አወጣችው። ልጁ አርባ ቀን ሙሉ ሳይሰማ ይቀራል ብላ በምን ታስብ? እሷን ማስጠንቀቅ ረስቻለሁ። ፎቶው ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ነበር። በዚያች ደሴት ደካማ ኢንተርኔት ፌስቡክም ፎቶም ስለማይከፈት ነው ልጄ ያላየው። ገመዱ ሥራ የጀመረ ቀን፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ስልካቸውን አውጥተው ሲሞክሩ፣ እሱም ከፈተ። ሁሉም ወዲያው ተከፈተ። ዳሱ፣ በፍሬም የተቀመጠው የእናቱ ፎቶ፣ ጥቁር የለበሰችው እህቱ፣ መሀል ላይ ደግሞ ነጠላዬን አዘቅዝቄ የተቀመጥሁት እኔ። በገዛ እጁ የዘረጋው መስመር መጀመሪያ ያመጣለት ነገር ይህ ነው።

"በነሐሴ ነው" አልሁት። "ማለዳ። አልተሰቃየችም። እህትህ እጇን ይዛ ነበር።"

"እሺ።"

"ባሕር ላይ ብቻህን ነህ ብለን ነው። የሚይዝህ ሰው የለም ብለን።"

"ሰው አለ፣ አባባ። እዚህም ሰው አለ። ትናንት ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ምንጣፍ አንጥፈው። ልብሴን የቀየሩልኝ እነሱ ናቸው።" ከዚያ ቆይቶ፣ በጣም ቀስ ብሎ "ታዲያ ያ ምርቃት የማን ነበር?" አለኝ።

"የእኔ ነበር።"

መስመሩ ጥርት ያለ ስለነበር ትንፋሹን እሰማለሁ፤ ከኋላው አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር ስትል እሰማለሁ። ድሮ ቢሆን ኔትወርኩ ይቆረጥና ያድነኝ ነበር።

"የእኔ ነው ቢሉኝ ኖሮ ምን ነበረበት?" አለኝ በመጨረሻ። ስልኩን ዘጋው።

ጥር መጥቶ ሄደ። ጎንደር ባለችው የባለቤቴ እህት ቤት የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች እንዳይመጡ ተነገራቸው። ልጄ ኮንትራቱን አድሶ ወደ ሌላ ደሴት አለፈ፤ እዚያም የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። የባለቤቴ ወንድም አሁንም "የሠራነው ልክ ነው፤ ያበላሸው ኢንተርኔቱ ነው" ይላል። እኔ እንደዚያ ማለት አልቻልሁም። ወጋችንን አልንቅም፤ ሰው መርዶ ሲሰማ የሚይዘው ክንድ ይፈልጋል፣ ይህ እውነት ነው። የእኔ ጥፋት ክንድ ያለው በእኛ አገር ብቻ መስሎኝ ነው። ደግሞም መርዶውን ማቆየት አንድ ነገር ነው፤ የሞተች ሴት አፍ ሆኖ መናገር ሌላ ነው። ልጅ የምታሳድጉ አባቶች ይህን ብታነቡ፣ ለልጃችሁ የምትመኙትን በራሳችሁ ስም ንገሩት። እኔ ለመግረፍ የራሴን እጅ ተጠቀምሁ፤ ለመመረቅ ግን የእናቱን ስም ተዋስሁ፤ የተዋስሁትንም አልመለስሁም።

አሁን በየእሑዱ ከቀትር በኋላ ለእህቱ ይደውላል። የእኛም ኢንተርኔት ተመልሷል፤ ፊቱን ታየዋለች። እኔ ከስልኩ ጀርባ፣ እሱ በማያየኝ በኩል፣ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ስለ ትምህርት ቤቷ ይጠይቃታል፤ ስለ ዓሣ ይነግራታል። ያለፈው እሑድ ሊሰናበት ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አባባስ?"

ልጅቱ አሻግራ አየችኝ። እግሬ ካበጠ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ሐኪም ያዘዘልኝ ኪኒን መደርደሪያው ላይ ሳይከፈት ተቀምጧል።

"ደህና ናቸው" አለችው።

"ዋሽተሻል" አልሁ ከጀርባ።

ደነገጠች።

"እግሩ አብጧል በይው። መድኃኒቱን አልወሰደም፤ እንቅልፍም የለውም በይው። እንዳለ ንገሪው።"

እያፈረች ነገረችው፤ አንድም አልቀነሰችም። እኔ ያለሁበት ድረስ የባሕሩ ነፋስ ይሰማ ነበር። ልጄ ስጫቸው ይላል ብዬ እጄን ወደ ስልኩ መዘርጋት ጀምሬ ነበር።

"መድኃኒቱን ይውሰዱ በያቸው" አላትና ተሰናበታት።

ልጅቱ ስልኩን አስቀምጣ ውሃ ልታመጣልኝ ተነሣች። ኪኒኑን ከፈትሁ።